የማይኒንግ ማሽን የሚበላውን መብራት እንዴት እንቀንሳለን?

በ2012 ዓ.ም. ጎንደር ማራኪ በተከራየሁበት ግቢ ሁለት አንትማይነር ኤስ9 የቢትኮይን ማሽኖች አስገባሁ። ማይኒንግ ማለት እነዚህ ማሽኖች ሌት ተቀን ስሌት እየሞከሩ ቢትኮይን የሚያገኙበት ሥራ ነው። ሳምንት ሳይሞላ አከራዬ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ያንተ ዕቃ ከገባ ወዲህ ምጣዱ አልግል አለኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሁለቱ ማሽኖች ተደምረው 2,650 ዋት ገደማ ይጎትታሉ። ወደ ግቢው የሚገባው ሽቦ ደግሞ ቀጭን ነው። ማሽኖቹ ሲሠሩ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 200 ይወርድ ነበር። በዚህ መጠን ሲወርድ የምጣዱ ኃይል 17 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። እንጀራ ለሚጋግር ሰው ይሄ ቀላል አይደለም።

ማሽኖቹን ማውጣት አልፈለግሁም፤ እሳቸውንም ማስከፋት አልፈለግሁም። ስለዚህ መብራቱን መቀነስ ተማርኩ። ከዚህ በታች ያለው በሙከራም በጥፋትም ያገኘሁት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) ለግብይት መክፈያ እንዳይውል አስታውቋል። በዚያው ዓመት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በዘርፉ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጠርቷል። ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃዱንም የመብራት ታሪፉንም ጠይቁ።

1. መጀመሪያ ለኩ

ማሽኑ በራሱ ገጽ ላይ የሚያሳያችሁን ዋት አትመኑ፤ ኤስ9 ላይ የሚታየው ግምት ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋትሜትር ግዙ። ከማንኛውም ዕቃ በፊት እሱን ግዙ። ገንዘብ ከሌለ ቆጣሪውን ተጠቀሙ። በቤቱ ያለውን ሁሉ አጥፉና ማሽኑን ብቻ አንድ ሰዓት አሠሩት፣ ከዚያ የቆጣሪውን ልዩነት አንብቡ።

አንድ ኤስ9 1,320 ዋት ገደማ ይበላል። በቀን 32 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 950 ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን እየጨመረ የሚሄድ ነው፤ የመጨረሻው እርከን ከ500 በላይ ነው። አንድ ማሽን ብቻውን እሱን ያልፋል።

ዋቱን ካወቃችሁ ማሽኑ በሰከንድ ለሚሠራው ቴራሃሽ አካፍሉት፤ አንድ ቴራሃሽ አንድ ትሪሊዮን የስሌት ሙከራ (ሃሽ) ነው። የምትከታተሉት ቁጥር እሱ ነው፦ አንድ ቴራሃሽ ስንት ጁል ይበላል? ኤስ9 13.5 ቴራሃሽ ይሠራል፤ ስለዚህ 98 ጁል ነው። ከሱ በኋላ የወጣው ኤስ19 34.5 ነው። ኤስ21 ደግሞ 17.5። አንድ ኤስ21 የ15 ኤስ9ን ሥራ ይሠራል፤ የሚበላው 3,500 ዋት ነው፣ የአንድ ኤሌክትሪክ ምጣድ ያህል። 15ቱ ኤስ9 ግን ወደ 20,000 ዋት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ርካሽ ነው ብላችሁ አሮጌ ማሽን አትግዙ። በተለይ ከሚያዝያ 2016 ወዲህ ለአንድ ብሎክ (አንድ የቢትኮይን መዝገብ ገጽ) ለማይነሮች የሚሰጠው ሽልማት ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ከወረደ በኋላ፣ እኔ ኤስ9 ለማንም አልመክርም። ያለውን ማሽን ለማሻሻል ግን ዘዴው ለሁሉም አንድ ነው።

2. ፍሪኩዌንሲና ቮልቴጅ ማውረድ

ዋናው ቁጠባ እዚህ ነው። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ የሚበላው ኃይል ከፍሪኩዌንሲው (ከሚሠራበት ፍጥነት) ጋር እኩል ይሄዳል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ነው። ቮልቴጅ የምለው የግድግዳውን 220 ሳይሆን ማሽኑ ለቺፖቹ የሚሰጠውን ነው። ቮልቴጁ 10 ከመቶ ሲወርድ ኃይሉ 19 ከመቶ ይወርዳል። ፍሪኩዌንሲ ብቻ ብትቀንሱ ዋቱ ይወርዳል፣ ሥራውም አብሮ ይወርዳል። ጁሉ ብዙ አይለወጥም። ፍሪኩዌንሲውን የምንቀንሰው ቺፑ ባነሰ ቮልቴጅ መሥራት እንዲችል ነው።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ ፍሪኩዌንሲውን በ25 ሜጋኸርዝ ቀንሱ። ከዚያ ቮልቴጁን በ0.1 ቮልት አውርዱና ግማሽ ቀን ጠብቁ። የሃርድዌር ስህተት ቁጥሩ ካልጨመረ ቀጥሉ። መጨመር ከጀመረ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ስህተት ማለት ቺፑ መብራቱን በልቶ የተሳሳተ መልስ ሰጠ ማለት ነው፤ ያ መብራት ለምንም አልዋለም። ማሽኑ የሚያሳየውን ሃሽ ብቻ ሳይሆን ፑሉ (የብዙ ሰው ማሽኖችን አሰባስቦ ክፍያውን የሚያከፋፍለው አገልግሎት) የቆጠረላችሁን የ24 ሰዓት አማካይ ተመልከቱ። የሚከፈላችሁ በሱ ነው።

ይሄን ሁሉ በእጅ መሥራት ካልፈለጋችሁ እንደ ብሬይንስ ኦኤስ ያለ ፈርምዌር (ማሽኑን የሚመራ ሶፍትዌር) አለ። የምትፈልጉትን ዋት ትነግሩታላችሁ፣ እሱ እያንዳንዱን ቺፕ ሞክሮ ያስተካክላል። በእጄም በሱም ሠርቻለሁ፤ እሱ ይበልጣል። ግን ከባለቤቱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ቴሌግራም ላይ «የተከፈተ» እየተባለ የሚላከውን አትንኩ። የእናንተን ሃሽ ወደ ሌላ ሰው ቦርሳ የሚልክ ሊሆን ይችላል።

አሁን ስለ ጥፋቴ ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 2013 ላይ አንዱን ማሽን 780 ዋት ድረስ አወረድኩት። ሁለት ሳምንት ያለ ምንም ችግር ሠራ። ጨርሻለሁ ብዬ ተውኩት። ጥምቀት ደረሰ። ከሌላ አገር እንግዶች መጥተው ነበር፤ ከከተራ ጀምሮ ፋሲል መዋኛ አካባቢ ነበርን፣ ማሽኑን አላየሁም። በከተራው ሌሊት መብራት ሄደ፤ ንጋት ላይ ተመለሰ። የጥር ሌሊት ጎንደር ብርድ ነው። ማሽኑ ቀዝቅዞ አደረ።

እኔ ያላወቅሁት ይሄን ነበር፦ የቀዘቀዘ ቺፕ ለመነሳት ከሞቀው የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ሙከራዬን ሁሉ ያደረግሁት በሞቀ ማሽን ነው። ንጋት ላይ ከሦስቱ ሃሽቦርዶች (ቺፖቹ የተተከሉባቸው ሰሌዳዎች) አንዱ አልተነሳም፣ ሌላው ስህተት ያዘንብ ጀመር። ማሽኑ ራሱን እያጠፋ እየበራ፣ ፋኑን ሙሉ ፍጥነት ላይ አድርጎ አራት ቀን ቆየ። ፑሉ ላይ ስገባ ሥራው ከግማሽ በታች ነበር። ቆጣሪው ግን አላረፈም።

ስለዚህ መጨረሻ ያደረጋችሁትን ቮልቴጅ በብርድ ሞክሩት። ማታ አጥፉት፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አብሩት። ሦስቱም ቦርዶች ከተነሱ ሁለት ሌሊት ድገሙት። አንዱ እንኳን ካቅማማ ቮልቴጁን ትንሽ ከፍ አድርጉ። እኔ በመጨረሻ 850 ዋት ላይ ቆምኩ፤ 10.5 ቴራሃሽ ይሰጠኝ ነበር። 81 ጁል ማለት ነው። ከ780ው ይልቅ ብዙ ዋት ነው፣ ግን በየማለዳው ይነሳል።

3. አየር

የጋለ ቺፕ ለተመሳሳይ ሥራ ብዙ መብራት ይበላል፣ ምክንያቱም ሲግል የሚያፈሰው ኃይል ይጨምራል። አገራችን ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷል፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙም አብሮ ቀንሷል። የኤስ19 መመሪያ ራሱ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ሙቀት በ1 ዲግሪ እንደሚቀንስ ይናገራል፤ ያም እስከ 2,000 ሜትር ነው። እኛ ከዚያ በላይ ነን።

መፍትሔው ትልቅ ፋን መጨመር አይደለም። ትኩሱ አየር ተመልሶ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ማሽኑን በመስኮት አጠገብ አድርጋችሁ የኋላውን ትንፋሽ ወደ ውጭ አውጡ። በመሃል በካርቶን ወይም በኮምፔንሳቶ ከልሉት። ፋኑ ከ100 ወደ 80 ከመቶ ፍጥነት ሲወርድ የራሱ ፍጆታ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አቧራውን በበጋ በየሁለት ሳምንቱ በብሎወር አውጡ። በክረምት አከራዬ የማይደርቅ ልብስ በትኩሱ አየር ፊት ያሰጡ ነበር፤ ያ ሙቀት በከንቱ አልሄደም።

4. ሽቦና ፓወር ሰፕላይ

ዲቫይደር አትጠቀሙ። በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት፣ በወፍራም የመዳብ ሽቦ አገናኙ። ስፒናው ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ገንዘባችሁ እዚያ እየቀለጠ ነው፤ ለእሳትም ያጋልጣል። ሽቦ ላይ የሚባክነው በአምፔሩ ካሬ ስለሆነ፣ ማሽኑን ከ6 ወደ 4 አምፔር ስታወርዱ የሽቦው ብክነትም ከግማሽ በታች ይሆናል።

ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለማሽኑ የሚቀይረው ዕቃ) ላይ አትሰስቱ። 1,200 ዋት ለሚፈልግ ማሽን 90 ከመቶ ብቃት ያለውና 80 ከመቶ ያለው ልዩነታቸው 170 ዋት ያህል ነው፤ ያውም ሌት ተቀን።

5. ሰዓት መምረጥ

አከራዬ ማክሰኞና ቅዳሜ ይጋግሩ ነበር። በነዚያ ቀናት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁለቱንም ማሽን በታይመር አጠፋለሁ፤ መልሰው የሚበሩት 6 ሰዓት ላይ ነው። ክፍሉ በዚያ ሰዓት ስለሚሞቅ ቦርዶቹ ሳያቅማሙ ይነሳሉ፣ ምጣዱም ያኔ ሥራውን ጨርሷል።