ካታናው ፎቶ ላይ ለምን ይደበዝዛል? ችግርና መፍትሄ

በእጅ ተይዞ ሲታይ ዓይን የሚያፈዝ ካታና (የጃፓን ሰይፍ) ፎቶ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ግራጫ ብረት ብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ካሜራው ላይ ይጥልና ሌላ ሊገዛ ይነሳል። እባካችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ደህና ስልክ፣ ትራይፖድ፣ መሸፈኛ የሌለው አንድ አምፖልና ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ካላችሁ ይበቃል። ጣጣው ያለው መብራቱ ላይ ነው።

ብረቱን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የጣት ላብ ያዝገዋል። የቆየ የመከላከያ ዘይት ካለበት ፎቶው ላይ ጭጋግ ስለሚመስል፣ ንጹህ ለስላሳ ጨርቅ ስለት በሌለው በጀርባው በኩል ይዛችሁ ከእጀታው ወደ ጫፉ ጥረጉት። ስትጨርሱ ወደ አፎቱ ከመመለሱ በፊት ስስ ዘይት መልሳችሁ ቀቡት።

ሃሞኑ አይታይም

ዋናው ቅሬታ ይህ ነው፤ የሰይፉም ውበት ያለው እዚሁ ላይ ስለሆነ ጊዜ ብትሰጡት ያዋጣል። ቀጥቃጩ የሰይፉን ጀርባ ወፍራም ጭቃ፣ ስለቱን ስስ ጭቃ ይቀባና አግሎ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ስለቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ ጀርባው ለዘብ ብሎ ይቀራል። የሁለቱ ድንበር ሃሞን ይባላል። በድንበሩ ላይ ኒኤና ኒዮይ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ፤ ብርሃን ሲያርፍባቸው ይበትኑታል። መብራቱ ከጣሪያም ከመስኮትም ከመጣ ግን ቅንጣቱም ዙሪያውም እኩል ስለሚበራ ልዩነቱ ይጠፋል።

መጋረጃውን ዝጉ፣ የጣሪያውን መብራት አጥፉ፣ አንዷን አምፖል ብቻ በጎን አብሩ። በካሜራው እያያችሁ የአምፖሉን ነጸብራቅ ብረቱ ላይ ፈልጉ። ከዚያ አምፖሉን ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ እያንቀሳቀሳችሁ ነጸብራቁን ከፎቶው ጠርዝ ልክ አስወጡት። ነጸብራቁ በወጣበት አጠገብ ሃሞኑ ብቅ ይላል፤ አንሱት። ሙሉውን ሃሞን በአንድ ፎቶ አትጠብቁ። 70 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት፣ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ነገር በአንድ ፎቶ ሲገባ ዝርዝሩ ይሞታል። አንድ ፎቶ ለቅርጹ፣ ሌሎቹን ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር እየከፈላችሁ አንሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዛሬ የሚሞረዱ ብዙ ሰይፎች ሃዶሪ የሚባል አጨራረስ አላቸው፤ ሞራጁ በስስ ድንጋይ ስለቱን ያነጣዋል። በሰፊ ብርሃን የምታዩት ነጭ ሞገድ የሞራጁ ሥራ ሊሆን ይችላል። የቀጥቃጩ መስመር፣ ማለትም እውነተኛው ሃሞን፣ በትንሿ አምፖል ብቻ ይገለጣል፤ ፎቶው ሊያሳይ የሚገባውም እሱን ነው።

ብረቱ ተደጋግሞ ሲታጠፍ የሚፈጠረውን የእንጨት መስመር የሚመስል ንድፍ፣ ጂሃዳውን ማለቴ ነው፣ ለማውጣት ግን ለስለስ ያለ የመስኮት ብርሃን ብዙ ጊዜ ይሻላል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ አንሱ።

ፊቴና ካሜራዬ ብረቱ ላይ ይታያሉ

የተሞረደ ብረት መስታወት ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ያሳያል። ጥቁር ልብስ ልበሱ፣ ለሌንሱ የሚሆን ቀዳዳ ያለው ጥቁር ጨርቅ ካሜራው ፊት ስቀሉ።

ፎቶው ብዥ ይላል

መጀመሪያ መንቀጥቀጥን አስወግዱ፦ ትራይፖድ፣ የ2 ሰከንድ ታይመር፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ወይም 200። ካሜራ ካላችሁ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ኤፍ 8 እና ኤፍ 11 መካከል አድርጉት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ብዥ ካለ፣ ስልኩ ያነጣጠረው ነጸብራቁ ላይ ነው። የአምፖሉ ምስል ከብረቱ ገጽ ኋላ ያለ ያህል ይርቃል፤ እሱ ሲጠራ ብረቱ ይደበዝዛል። ጽሑፍ ያለበት ቁራጭ ወረቀት ከብረቱ ጎን፣ በገጹ ከፍታ ልክ አስቀምጡ። ፊደሉ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ፎከሱን ቆልፉና ወረቀቱን አንሱት።

ብረቱ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል

ጥቁሩ ከፋይ ካሜራውን ያታልለዋል፤ ክፍሉ ጨለማ ነው ብሎ ፎቶውን ያበራዋል። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በ1 ወይም በ2 ደረጃ ቀንሱ።

ሰይፉ ከመጠን በላይ የጎበጠ ይመስላል

ከቅርብ በሰፊ ሌንስ ሲነሳ ጫፍና ጫፉ ይለጠጣል፣ ጉብጠቱ ይዛባል። ሁለት ሦስት ሜትር ራቁ፣ 2 ወይም 3 ጊዜ የሚያቀርበውን ሌንስ ተጠቀሙ፣ ካሜራው ከሰይፉ ጋር ትይዩ ይሁን።

ናካጎው ላይ ያለው ጽሑፍ አይነበብም

ናካጎ እጀታው ውስጥ የሚገባው ክፍል ነው። እጀታውን የሚይዘው የቀርከሃ ሽብልቅ በቀላሉ ካልወጣ አታስገድዱት፤ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ጽሑፉ በመሮ የተቀረጸ ስለሆነ ከፊት የመጣ ብርሃን ይደፈጥጠዋል። አምፖሉን በጎን፣ ከብረቱ ገጽ ብዙም ሳይርቅ ዝቅ ስታደርጉት እያንዳንዱ ጭረት ጥላ ያወጣል፤ የሞረድ ምልክቶቹም አብረው ይታያሉ። ለፎቶ ያምር ብላችሁ ዝገቱን በፍጹም እንዳትፍቁ። ባለሙያ የሰይፉን ዕድሜ ከሚገምትባቸው ነገሮች አንዱ የዚያ ዝገት ቀለም ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ደግሞም ሁለቱንም ጎን አንሱ፤ የሠሪው ስም በአንዱ በኩል ሆኖ የተሠራበት ጊዜ በሌላው በኩል የተቀረጸባቸው ሰይፎች አሉ።