አሮጌ የኬዝ ሰንጢ ሲገዙ

እኔ ሰንጢ ሲቀርብልኝ ከሁሉ በፊት የማየው ስለቱ ከእጀታው የሚጋጠምበትን ስር ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሚገኘው የሰንጢ አምራች ኬዝ የሰንጢውን ዕድሜ የሚያሳውቀው እዚያ ባለው ማህተም ነው። የዓመቱ አቆጣጠር የአውሮፓውያን ይሁንና፣ «ኬዝ ኤክስ ኤክስ» ብቻ ካለ ከ1940 እስከ 1964 ገደማ ተሠርቷል፤ «ዩ.ኤስ.ኤ.» ከተጨመረበት ከ1965 እስከ 1969 ባለው ጊዜ። በ1970 ከማህተሙ ሥር 10 ነጥቦች ተደረጉ፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ ይቀነስ ጀመር። በ1970ዎቹ ከተሠሩት ሰባት ነጥብ ያለው የ1973 ነው።

የሞዴል ቁጥሩም ይነበባል። 6254 ላይ 6 የአጥንት እጀታ፣ 2 የስለቶቹ ብዛት፣ 54 ደግሞ ትራፐር የሚባለው ቅርጽ ነው። ቁጥሩ አጥንት እያለ እጀታው ፕላስቲክ ከሆነ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ኬዝ ራሱም አንዳንዴ አጥንት መሰል ፕላስቲክ ስላደረገ ግን በደንብ ይመርምሩት።

ከዚያ ከፍተው ይዝጉት። ጥርት ያለ «ቀጭ» ካልሰሙ ሞላው ደክሟል። ስለቱ ወደ ጎን መወዛወዝ የለበትም። በመሳል ብዛት የቀጠነውን እኔ በነጻም አልወስድም፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለሙሉ ስለት ነው።

የብረቱን ጥቁረት በብርጭቆ ወረቀት የሚያጸዱ ሻጮች ያናድዱኛል፤ ዋጋውንም አብረው ይፍቁታል። እርስዎ ማጠፊያው ላይ ዘይት ጠብ ያድርጉ እንጂ አይፈትጉት። በቆዳ ሰገባ ውስጥም አያኑሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ያዝገዋል።