የአሮጌ ፒክአፕ ጣሪያ ስትቀይሩ
ደብረ ብርሃን አካባቢ አሮጌ ፒክአፕ ያላችሁ፣ ክረምት ሳይገባ የጋቢናውን ጣሪያ ጠርዝ እዩልኝ። ዝገት ላሜራውን በልቶት ከሆነ መቀየር ይሻላል።

ባትሪው ይፈታ፤ መስታወቶቹና የውስጥ ልባሱ ይውጡ። ከመቁረጥ በፊት ግን ጋቢናውን ከውስጥ በብረት አስደግፉት፤ የበሮቹን ክፍተት በሰያፍ ለኩና ጻፉ። ይህ ከተዘለለ፣ በኋላ በሩ አልገጥም ይላል፤ እባካችሁ አትቸኩሉ።

አሮጌው ላሜራ አይገንጠል። ላሜራውን ከጋቢናው ጋር የያዙትን የነጥብ ብየዳዎች አንድ በአንድ በድሪል አላቁ፣ የታችኛውን ብረት ሳትበሱ። አዲሱን መጀመሪያ በመያዣ አስራችሁ በሮቹንና መስታወቱን ሞክሩበት።

ብየዳው በአንድ መስመር አይጎተት፤ ሰፊ ላሜራ በሙቀት ቶሎ ይጣመማል። ከዚህም ከዚያም ነጥብ ነጥብ አድርጉና እየቀዘቀዘ ይሂድ። ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ከዚያ የመገጣጠሚያ ማሸጊያ። ልባሱ ከመመለሱ በፊት ጣሪያው ላይ ውሃ አፍስሱና የሚያስገባ እንደሆነ እዩ።