ቱባ በደብረ ብርሃን ብርድ፦ ከታላላቆቹ ነፊዎች የሚወሰድ ልምምድ

በማርሽ ባንድ ውስጥ ቱባ፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቁ የናስ መንፊያ፣ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ጉልበት ላለው ልጅ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቱባ የሚጠይቀው ጉልበት ሳይሆን ብዙና የተረጋጋ አየር ነው።

ይህን አጥርቶ ያስተማረው አርኖልድ ጃኮብስ ነው። ከ1944 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቱባ ነፍቷል። ትምህርቱን «ዜማና ነፋስ» በሚሉ ሁለት ቃላት ይጠቀልለው ነበር። መጀመሪያ ዜማው በአእምሮ ይሰማል፣ ከዚያ አየሩ ይለቀቃል፤ ከንፈር ራሱ ይከተላል። አስም ነበረበት፤ በኋላ ዘመኑ የሳንባው አቅም ቢቀንስም ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ድምፁን አላሳነሰም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ይህ ትምህርት ለእኛ ነፊዎች እጥፍ ይጠቅማል።

ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ ያድርጉ። ያለ መሣሪያ፣ ትከሻ ሳይወጠር፣ በ4 ምት ይሳቡ፣ በ4 ያውጡ። ከዚያ በ2 ስበው በ6 ያውጡ። ስድስት ጊዜ ከደገሙ በኋላ ይረፉ። ጣት ወይም ከንፈር ከነዘረ ትንፋሹ በዝቷልና ያቁሙ።

ቀጥሎ ብርዱ። ብዙዎች ድምፁ የወረደው በከፍታው ነው ይላሉ፤ አይደለም። ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ዝግ ይላል፣ መሣሪያውም ከልኩ ይወርዳል። ጠዋት ከውጭ የገባ ቱባ ወዲያው በቱነር (በድምፅ ልክ መለኪያ) አይስተካከልም። ድምፅ ሳያወጡ፣ ቫልቮቹን (በጣት የሚጫኑትን) እያፈራረቁ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይንፉበት። ዋናውን ስላይድ (ድምፁን ለማስተካከል የሚሳበውንና የሚገፋውን ቱቦ) የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው። በብርድ ወደ ውስጥ የተገፋ ስላይድ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርዱ ድምፁን ከልኩ በላይ ያወጣዋልና እዚያ ደግሞ ይሳቡት።

ትዝታን በሲ ቤሞል ቱባ መለማመድ የመሣሪያውን ዋና ችግር ያጋልጣል። ከታችኛው ሲ ቤሞል ሲነሱ ጣቶቹ እንዲህ ናቸው (ቁጥሩ የሚጫኑት ቫልቭ ነው፣ «ባዶ» ማለት ምንም አለመጫን)፦ ሲ ቤሞል ባዶ፣ ዶ 1 እና 3፣ ሬ 1 እና 2፣ ፋ ባዶ፣ ሶል 1 እና 2፣ ላይኛው ሲ ቤሞል ባዶ። ዶ ላይ ድምፁ ከልኩ በላይ ይወጣል፤ ሁለቱ ቫልቮች ተደምረው የሚጨምሩት ቱቦ ስለሚያጥር ነው። አራተኛ ቫልቭ ካለ እሱን ብቻ ይጫኑ፤ ከሌለ ግራ እጅ የሚደርስበትን የአንዱን ቫልቭ ስላይድ ጥቂት ይሳቡ። በከንፈር ለማውረድ መታገል ድምፁን ያሳንሳል።

ከእያንዳንዱ ኖታ በፊት ግን ይዝፈኑት። ቱባ ዜማ መሪ መሆን እንደሚችል በ1954 እ.ኤ.አ. የእንግሊዛዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቮን ዊልያምስን የቱባ ኮንሰርቶ (መሣሪያው ከኦርኬስትራ ጋር በብቸኝነት የሚመራበት ሥራ) ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው ፊሊፕ ካተሊኔት አሳይቷል። አሜሪካዊው ቱባ ነፊ ሃርቪ ፊሊፕስም አዳዲስ ሥራዎች እንዲደረሱ ለቱባ ብዙ ደክሟል። ፊሊፕስ በ1974 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ብዙ ቱባ ነፊዎችን ሰብስቦ የገና መዝሙር አስነፍቷል፤ ለአስተማሪው ለዊልያም ቤል መታሰቢያ ነበር፣ ቤል የተወለደው በፈረንጆቹ ገና ዕለት ነውና።

ሲነፉ ድምፁ ከተንኮሻኮሸ ውሃ ተጠራቅሟል። የውሃ መልቀቂያውን ተጭነው፣ ከንፈር ሳይነዝር አየር ብቻ ይንፉ። ካልጠራ ውሃው ቫልቭ ስላይድ ውስጥ ነው፤ ቫልቩን ተጭነው ስላይዱን ያውጡና ያፍስሱት። የተጣበቀ ስላይድ በመዶሻ አይመታም።