በአር ጎን ለጎንና ተደራራቢ ባር ግራፍ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከድሬዳዋው ከፊራ ገበያ የተሰበሰበ የሽያጭ መዝገብ አለዎት እንበል። ዓምዶቹ ምርት፣ ሰዓት (ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ)፣ ኪሎ እና ዓመት ናቸው። አር (የመረጃ መተንተኛ የፕሮግራም ቋንቋ) በቀይ ጽሑፍ ስህተት ሲያሳውቅ ዕዳው ገብስ ነው። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የተሳሳተውን ሲሥል ነው።

ሳይደምሩ ጎን ለጎን ማሰለፍ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የጠዋት ሽንኩርት በ3 ረድፍ 40፣ 25 እና 10 ኪሎ ሆኖ ተመዝግቧል እንበል። ጂኦም ኮል (በአር የጂጂፕሎት2 ጥቅል ውስጥ ያለ የባር መሥሪያ ትዕዛዝ) ካልታዘዘ በቀር ስለሚደራርብ ባሩ 75 ላይ ይደርሳል፤ ልክ ነው። ፖዚሽኑን (የባሮቹን አቀማመጥ) ዶጅ፣ ማለትም ጎን ለጎን፣ ሲያደርጉት ግን ሦስቱ ረድፎች አንድ ቦታ ላይ ይሣሉና ትልቁ ሌሎቹን ይሸፍናል። ባሩም 40 ላይ ይቀራል፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ስለዚህ በግሩፕ ባይ (መመደቢያ) እና በሰመራይዝ (ማጠቃለያ) ትዕዛዞች አስቀድመው ይደምሩ።

ጂኦም ባርን በጂኦም ኮል ቦታ መጠቀም። ጂኦም ባር የሚቆጥረው ረድፍ ነው፤ 3 ኪሎም 300 ኪሎም ለእሱ አንድ ነው።

ዓመትን እንደ ቁጥር መተው። 2015 እና 2016ን ለፊል (ለባሩ የውስጥ ቀለም) በቁጥርነታቸው ከሰጡ ደማቅና ፈዛዛ ሰማያዊ ይወጣል፣ ዶጅም አይለያቸውም፤ ተከታታይ ቁጥር ቡድን አይፈጥርምና። ፋክተር (የምድብ ዓይነት እሴት) ያድርጉት። በፊል ፋንታ ከለር ከጻፉ ደግሞ የሚቀባው ጠርዙ ብቻ ነው።

የፊደል ተራ። አር ጽሑፍን በፊደል ተራ ይደረድራል። መ ከቀ፣ ቀ ከጠ ስለሚቀድም ቀኑ በማታ ተጀምሮ በጠዋት ያልቃል! ትክክለኛውን ተራ በፋክተር ሌቭልስ (የምድቦቹ ዝርዝር) ውስጥ ይጻፉ፤ እዚያ አንድ ፊደል ከተሳሳተ እሴቱ ወደ ባዶ እሴት (NA) ይለወጣል። ከዚያ በፊት ግን የቃላቱን አጻጻፍ ያጥሩ። «ሐረር» እና «ሀረር» ለአንባቢ አንድ ከተማ ናቸው፣ ለአር ግን ሁለት ባር።

የጎደለ ረድፍ። በቀትሩ ሙቀት ቲማቲም ካልተሸጠና ረድፉ ከሌለ፣ የቀሩት ባሮች ቦታውን ተካፍለው ይወፍራሉ። በታይዲአር ጥቅል ኮምፕሊት ትዕዛዝ የጎደለውን ረድፍ ጨምረው 0 ይሙሉ። ይህ ግን በእርግጥ ሽያጭ ካልነበረ ብቻ ነው፤ መዝጋቢው ስላልመጣ የጎደለ ከሆነ 0 መጻፍ ሐሰት ነው። እንዲያ ሲሆን በ0 ፋንታ ባዶ እሴት (NA) ያስገቡ፤ ቦታው ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ፖዚሽን ፊል (ከቀለሙ ፊል ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋሩት) ሁሉንም ባር እኩል ያስረዝማል። ድርሻን እንጂ መጠንን አያሳይም፣ ስለዚህ ጠቅላላውን ኪሎ ከባሩ በላይ ይጻፉ።

የዋይ ዘንግን (ቁመቱን) በዋይሊም (የዘንግ ወሰን መስጫ) ከ50 ማስጀመርም አይሆንም፤ ባሮቹ ከ0 ስለሚነሡ ከወሰን ውጭ ተቆጥረው ይጠፋሉ።

በባሮቹ ላይ ቁጥር ሲለጥፉ ለጂኦም ቴክስት (የጽሑፍ መለጠፊያ ትዕዛዝ) ፖዚሽን ዶጅ 0.9 ይስጡ፤ የባሩ የተለመደ ስፋት እሱ ነው። በተደራራቢው ላይ ፖዚሽን ስታክን ከቪጀስት (የቁመት አቀማመጥ) 0.5 ጋር ይጻፉ፣ ቁጥሩ በየክፍሉ መሐል ይቀመጣል።