በኩማኖ ተራሮች፦ ተሳላሚዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጃፓን፣ ከኦሳካ በስተደቡብ፣ በኪይ ባሕረ ገብ መሬት፣ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ መካከል ሦስት ታላላቅ የሺንቶ (የጃፓን ነባር እምነት) መቅደሶች አሉ፦ ሆንጉ፣ ሃያታማ እና ናቺ። ወደ እነሱ የሚወስዱት ጥንታዊ የእግር መንገዶች በአንድነት ኩማኖ ኮዶ ይባላሉ። ንጉሠ ነገሥቱም ገበሬውም ለብዙ መቶ ዓመታት ተመላልሶባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የማንኛውም እምነት ተከታይ መሄድ ይችላል፤ ሃይማኖትዎ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እዚህ የሚሠሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የቅደም ተከተል ናቸው። ኩማኖ ሁሉም ነገር በተራው የሚሆንበት ቦታ ነው፤ ይሄዳሉ፣ ይታጠባሉ፣ እጅ ይነሳሉ፣ ማኅተም ይቀበላሉ፣ ያርፋሉ። ተራው ሲዛባ ወይ ይመሽብዎታል፣ ወይ ደጅ ይዘጋብዎታል፣ ወይ ሰው ያስቀይማሉ።

መንገዱን በኪሎ ሜትር ብቻ መለካት

ብዙ ሰው የሚመርጠው የናካሄቺ መስመር ከታኪጂሪ እስከ ሆንጉ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካርታ ላይ ሲታይ የሁለት ቀን መንገድ ይመስላል፤ ለለመደ እግረኛም ነው። ችግሩ ገና ከመነሻው ይጀምራል። ከታኪጂሪ መቅደስ ጀርባ መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ እንደ ደረጃ የሚረገጠው የዛፍ ሥርና ድንጋይ ነው። ታካሃራ መንደር ለመድረስ 4 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ቢቀርም፣ መንገዱ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከኪይ-ታናቤ ባቡር ጣቢያ በአውቶቡስ ተነስቶ እኩለ ቀን ላይ ታኪጂሪ የደረሰ፣ «ዛሬ 13 ኪሎ ሜትር ሄጄ ቺካፁዩ አድራለሁ» ቢል ጫካ ውስጥ ይመሽበታል። በዚህ ሰዓት የደረሰ ሰው ታካሃራ አድሮ ጉዞውን ለሦስት ቀን ቢያከፋፍለው ይሻለዋል። ከነዕረፍቱ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ቢያስቡ ከእውነቱ አይርቁም።

አገር ቤት ላደገ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። እኛ ዘንድ ጀምበር ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች። ኩማኖ ላይ በዲሴምበር 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ከረጃጅሞቹ ዛፎች ሥር ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። የአውቶቡስ ሰሌዳ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 17:00 የእኛ 11 ሰዓት መሆኑን ልብ ይበሉ። የመጨረሻው አውቶቡስ ካመለጠ ታክሲ እንደ ልብ አይገኝም። በበጋም ቢሆን ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይያዙ።

ከታኪጂሪ እስከ ሆንጉ በየ500 ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ አለ፤ ከ1 ይጀምርና 75 ላይ ያበቃል። መጨረሻ ያለፉትን ቁጥር በቃልዎ ይያዙ። እግር ቢወለም 119 ደውሎ ያንን ቁጥር መናገር «ትልቅ ዛፍ አጠገብ ነን» ከማለት እጅግ ይሻላል፤ ትልቅ ዛፍ የሌለበት ቦታ የለምና።

ከሆንጉ ወደ ናቺ የሚቀጥለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ ኮጉቺ መንደር ይታደራል። ከኮጉቺ ወደ ናቺ ያለው የሁለተኛው ቀን ጉዞ፣ ኦጉሞቶሪ የሚባለው፣ 14 ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆንም ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። ገጣሚው ፉጂዋራ ኖ ቴይካ እ.ኤ.አ. በ1201 ዙፋን የለቀቁትን ንጉሠ ነገሥት ጎ-ቶባን አጅቦ ይህንን ተራራ በዝናብ ተሻግሮ ነበር፤ ስለዚያ ቀን የጻፈው ማስታወሻ ከቅኔ ይልቅ ምሬት ይበዛበታል። ጉልበትዎን ካላመኑት አያፍሩ። ከሆንጉ በአውቶቡስ ሆሺንሞን ድረስ ሄደው፣ ከዚያ 7 ኪሎ ሜትሩን በአብዛኛው ቁልቁል እየተራመዱ ወደ ሆንጉ መመለስ ይችላሉ። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ለአረጋውያንም የሚሆነው ይህ ነው።

ወቅቱን አለመጠየቅ

ከጁን እስከ ጁላይ አጋማሽ የዝናብ ወቅት ነው፤ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ደግሞ አውሎ ነፋስ ይመጣል። የኪይ ባሕረ ገብ መሬት በጃፓን ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጣው አውሎ ነፋስ መንገዱን በናዳ ቆርጦት ኢዋጋሚ በተባለው ቦታ ተለዋጭ መንገድ እስከ ማውጣት ተደርሷል። ስለዚህ የቆየ ካርታ አይመኑ፤ ጣቢያው አጠገብ ካለው የታናቤ የቱሪስት መረጃ ቢሮ የወቅቱን ይጠይቁ። የድንጋይ ንጣፉ የድንጋይ ሽበት (ለስላሳ አረንጓዴ ሽፋን) አብቅሏል፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ይበልጥ የሚያዳልጠው ደግሞ በቁልቁለቱ ነው። ሶሉ ያላለቀ ጫማና ሁለት ምርኩዝ የግድ ነው። በበጋ መጨረሻና በመኸር ትልልቅ ተርቦች ስላሉ ጥቁር ልብስና ሽቶ ይቅርብዎት።

ማደሪያና ምግብ ደርሶ እፈልጋለሁ ማለት

በመንደሮቹ ያሉት ማረፊያዎች በቤተሰብ የሚተዳደሩ፣ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ያሏቸው ናቸው። በኤፕሪል፣ በሜይ መጀመሪያ፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር ከወራት በፊት ይያዛሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ማደሪያ፣ ቀጥሎ የአውሮፕላን ትኬት ቢቆርጡ ጥሩ ነው። እራት የሚቀርበው ብዙ ጊዜ 12 ሰዓት ላይ በመሆኑ 11 ሰዓት ሳያልፍ ይድረሱ። ሻንጣን ከማረፊያ ወደ ማረፊያ በመኪና የሚያደርስ አገልግሎት አለ፤ እሱም ቀድሞ ይያዛል። የን በጥሬው ይያዙ፤ ከታናቤ ሳይወጡ ያውጡት። አውቶቡስ በኋላ በር ይገባል፤ ሲገቡ ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት ይወስዳሉ፤ ሲወርዱ በፊት በር በኩል ከሾፌሩ አጠገብ ካለው ሣጥን ሒሳቡን ዝርዝር አድርገው ይከፍላሉ።

ጾመኛ ለሆነ ሰው ትልቁ ስህተት «ሥጋ አልበላም» ብሎ ማቆም ነው። ዳሺ የሚባለው የጃፓን መረቅ በብዛት የሚሠራው ቦኒቶ ከተባለ የደረቀ ዓሣ ነው፤ አትክልት ብቻ የሚመስል ወጥም ቶፉም በሱ ይበስላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቤታችን ትተን፣ የማይበሉ ከሆነ ክፍል ሲይዙ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ የዓሣ መረቅ፣ እንቁላል፣ ወተት» ብለው አንድ በአንድ ይጻፉ። ደርሰው ከተናገሩ እመቤቲቱ ጠዋት የጀመረችውን ምግብ መቀየር አይሆንላትም። በዚያው ባሕረ ገብ መሬት፣ ኩካይ የሚባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ816 በመሠረታት በኮያ ተራራ ግን በቡድሃ ገዳማት ውስጥ ማደር ይቻላል። እዚያ የሚቀርበው ሾጂን ርዮሪ ያለ ሥጋና ያለ ዓሣ ነው፤ መረቁም ከባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል።

ጂንጃና ቴራን አንድ አድርጎ ማየት

የሺንቶ መቅደስ ጂንጃ፣ የቡድሃው ቴራ ይባላል። የጂንጃ መግቢያ ቶሪ የተባለው፣ ሁለት ቋሚና አግዳሚ እንጨት ያለው በር ነው። ቶሪው ሥር ሲደርሱ ቆም ብለው እጅ ይንሱ፤ መሐሉ የመለኮቱ መንገድ ስለሆነ ዳርና ዳሩን ይሂዱ።

ቀጥሎ መታጠብ ነው። ጭልፋውን አንድ ጊዜ ብቻ ይሙሉ፤ ያቺ ውሃ ለሁሉም ትበቃለች። በቀኝ እጅ ይዘው ግራዎን ያጥቡ፤ ወደ ግራ አዛውረው ቀኝዎን ያጥቡ፤ መልሰው በቀኝ ይዘው በግራ መዳፍ ትንሽ ውሃ ተቀብለው አፍዎን ይጉመጥመጡና ከገንዳው ውጭ ይትፉ፤ ግራ እጅዎን እንደገና ያጥቡ። በመጨረሻ ጭልፋውን ቀጥ አድርገው ቢያቆሙት የቀረው ውሃ እጀታውን አጥቦ ይወርዳል። ጭልፋውን አፍ ላይ ማስጠጋት ነውር ነው።

ከሣጥኑ ሳንቲም ጨምረው ሁለት ጊዜ ዝቅ ብለው እጅ ይንሱ፣ ሁለት ጊዜ ያጨብጭቡ፣ በልብዎ ይጸልዩ፣ አንድ ጊዜ እጅ ነስተው ይመለሱ። በቴራ ግን አይጨበጨብም፤ መዳፍን ገጥሞ በጸጥታ መቆም ነው። ይህ የሚምታታው ናቺ ላይ ነው፤ ናቺ ታይሻ ጂንጃና ሴይጋንቶ-ጂ ቴራ ጎን ለጎን ናቸው። ሁለቱ እምነቶች ለዘመናት አብረው ኖረው የለያያቸው እ.ኤ.አ. የ1868ቱ የመንግሥት አዋጅ ስለሆነ፣ ግቢው ዛሬም አንድ ይመስላል። ከፊትዎ ዕጣን የሚጨስበት ትልቅ የአመድ ገንዳ ካዩ ቴራ ነው፤ እጅዎን ይሰብስቡ።

ሆንጉ ደግሞ የራሱ ተራ አለው። 158 ደረጃዎችን ወጥተው ሲገቡ በረድፍ ከተደረደሩት አዳራሾች መጀመሪያ የሚሳለሙት ከዳር ያለውን አይደለም፤ ሾጆደን የተባለውን ነው። ተራውን የሚያሳይ ሰሌዳ ስላለ እሱን ይከተሉ። ሆንጉን ተሳልሞ ወዲያው አውቶቡስ መሳፈርም ይቆጫል። መቅደሱ እ.ኤ.አ. እስከ 1889ኙ ጎርፍ ድረስ የነበረው ወንዙ ዳር፣ ኦዩኖሃራ በሚባለው ሜዳ ላይ ነው፤ አሁን 34 ሜትር የሚጠጋ ቶሪ ቆሞበታል፤ በእግር 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

እጅ መንሳት እምነቱ የማይፈቅድለት ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ገለል ብሎ ይቁም፤ ማንም አያስገድደውም።

ማኅተሙን እንደ መታሰቢያ ዕቃ መሰብሰብ

ጎሹይን የተሰኘው በብሩሽ የሚጻፍ ጽሑፍና ቀይ ማኅተም የመሳለም ምስክር ነው፤ የሚጠየቀውም ከተሳለሙ በኋላ ነው። ለዚሁ የተዘጋጀውን ደብተር፣ ጎሹይንቾን፣ ገጹን ገልጠው ይስጡ፤ ከ300 እስከ 500 የን ዝርዝር ያዘጋጁ፤ ጸሐፊው ሲጽፍ ፎቶ አያንሱ። ጽሕፈት ቤቱ ከመቅደሱ ግቢ ቀድሞ ሊዘጋ ስለሚችል 10 ሰዓት ሳይሆን ይድረሱ።

መንገድ ዳር ባሉት ትናንሽ የእንጨት ሣጥኖች የሚገኙት ማኅተሞች ግን ሌላ ናቸው። እነሱ በነፃ፣ ራስዎ በተጓዥ ደብተር ላይ የሚመቱዋቸው ናቸው። ጎሹይንቾ ላይ ከመቷቸው አንዳንድ መቅደስ በዚያ ደብተር አልጽፍም ሊል ይችላል። በስፔን ወደ ሳንቲያጎ የሚወስደውን መንገድም የሄደ ሰው የሁለቱን ደብተሮች አቅርቦ የጥንድ ተሳላሚነት ማስረጃ ይቀበላል፤ በኩማኖ በኩል ከታኪጂሪ እስከ ሆንጉ በእግር መሄድ ይበቃል። በየመንገዱ ማኅተም ያልመታ ሰው ግን መሄዱን የሚያስረዳበት የለውም።

ፍል ውሃው ውስጥ ገብቶ መታጠብ

ኦንሰን (የፍል ውሃ መታጠቢያ) የሚገባ ሰውነት አስቀድሞ የጠራ መሆን አለበት። ልብስ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል፤ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው በሳሙና ይታጠባሉ፤ አረፋውን ሙልጭ አድርገው ያለቀልቃሉ፤ ከዚያ ይገባሉ። ፀጉር ይታሰራል፤ ትንሿ ፎጣ ውሃው ውስጥ አትነከርም፣ ራስ ላይ ትቀመጣለች። የወንድና የሴት ክፍል በአንዳንድ ቤት ጠዋትና ማታ ስለሚቀያየር ትናንት የገቡበትን በር ዛሬ አይመኑ፤ መጋረጃው ላይ ያለውን ይዩ፦ 男 ወንድ፣ 女 ሴት ነው። ከወጡ በኋላ ዩካታ (ቀለል ያለ የጃፓን ቀሚስ) ሲለብሱ የግራው ጫፍ ከላይ ይሁን፤ በቀኝ የሚደረበው ለሬሳ ነው።

በዩኖሚኔ መንደር ያለው ፁቦዩ በጥንት ተሳላሚዎች ወደ ሆንጉ ከመግባታቸው በፊት የነጹበት ትንሽ የእንጨት ቤት ነው። በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ውስጥ ነው፤ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ይይዛል። ቀድሞ መያዝ አይቻልም፤ ከቲኬት መሸጫው ቁጥር ይወስዳሉ፣ ተራዎ ሲደርስ 30 ደቂቃ የእርስዎ ነው። ሳሙናና ሻምፑ አይፈቀድም። ቁጥሩን መንደሩ እንደደረሱ ይውሰዱ፤ እስኪጠሩ ምንጩ ዳር 90 ዲግሪ በሚደርሰው ውሃ እንቁላል መቀቀል ይችላሉ (ጾም ካልሆነ)፤ 12 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

ቀኑን ሙሉ ሄዶ ውሃ ሳይጠጡ መግባት፣ ቢራ ጠጥቶ መግባት፣ ብዙ ቆይቶ ብድግ ማለት ሰው የሚጥሉ ስህተቶች ናቸው። ሙቀቱ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ግፊት ይወርዳል። ከመግባትዎ በፊት ውሃ ይጠጡ፤ በ10 ደቂቃ ወጥተው ይረፉ፤ ሲነሱ ቀስ ይበሉ። ደም ግፊት ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሐኪም ታማክር።

ንቅሳት የእኛን ሰው በተለይ የሚመለከት ነው። ብዙ ኦንሰኖች ከወንበዴ ቡድኖች ጋር በተያያዘ የተነቀሰ ሰው አያስገቡም፤ ደንባቸው ደግሞ ግንባር ላይ ያለን የእናት መስቀልና የአንገት ንቅሳት ከሌላው አይለይም። ትንሽ ከሆነ በሚለጠፍ ፕላስተር ይሸፍኑት፤ ካልሆነ ካሺኪሪ የሚባለውን ለብቻ የሚከራይ መታጠቢያ ይጠይቁ። ፁቦዩ ለብቻ የሚገባበት ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።

የዩኖሚኔ ውሃ ድኝ ያለበት ስለሆነ ብርን ያጠቁራል። ማተቡን ማውለቅ አያስፈልግም፤ የብር መስቀሉን ብቻ ፈትተው ልብስዎ ዘንድ ይተዉት። ረስተው ከገቡና ከጠቆረ ሳህን ላይ የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፈው መስቀሉን ያስቀምጡበት፤ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው የፈላ ውሃ ያፍሱበት። በጥቂት ደቂቃ ይነጣል፤ ካልነጣ ይድገሙት።