በየወሩ የሚጠየቀውን ገቢ ሳያጓድሉ ሁለተኛ ሂሳብ እንዴት እንደሚያዝ

ብሪታንያ ውስጥ ደህና ወለድ ወይም ጉርሻ ያለው ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ብዙውን ጊዜ ግዴታ አለበት፤ በየወሩ ቢያንስ ይህን ያህል ገንዘብ ገቢ ይሁን ይላል። የኔሽንዋይድ ፍሌክስዳይሬክት የተባለው ሂሳብ 1,000 ፓውንድ ይጠይቃል። ክለብ ሎይድስ በወሩ 2,000 ፓውንድ ካልገባበት 5 ፓውንድ ያስከፍላል። ሳንታንደር ኤጅ ደግሞ 500 ፓውንድና ሁለት ዳይሬክት ዴቢት (ድርጅቶች በፈቃድዎ ከሂሳብዎ የሚቆርጡት ክፍያ) ይፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ «አንድ ደመወዝ ለሁለት ባንክ ከየት ይመጣል?» ብሎ ይተወዋል። ይመጣል። ባንኩ የሚቆጥረው የገባውን እንጂ ያደረውን አይደለም። ጠዋት ገብቶ በማግስቱ የወጣ 1,000 ፓውንድ ለዚህ ጉዳይ ሙሉ 1,000 ፓውንድ ነው። ሥራው ያንኑ ገንዘብ በየወሩ አዙሮ መመለስ ነው።

መጀመሪያ ውሉን ያንብቡ። ሁሉንም ገጽ ማለቴ አይደለም፤ ስለ ወርሃዊ ገቢ የሚናገረውን አንቀጽ ብቻ። ወሩ ከ1ኛው ቀን እስከ መጨረሻው የሚቆጠር ነው ወይስ ሂሳቡ ከተከፈተበት ቀን? ገንዘቡ በአንድ ጊዜ መግባት አለበት ወይስ ድምሩ ነው የሚታየው? የማይቆጠረውስ የትኛው ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ አይዝለሉት። እዚያው ባንክ ውስጥ ካለ የራስዎ ቁጠባ ያመጡት ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይቆጠርም፤ ኔሽንዋይድም አይቆጥረውም። ስለዚህ ገንዘቡ ከሌላ ባንክ መምጣት አለበት።

ደመወዝዎን ከነበረበት አያንቀሳቅሱት። የቤት ኪራዩ፣ መብራቱና የካውንስል ታክሱ የሚቆረጡበት ሂሳብ እንዳለ ይቆይ። አዲሱ እንግዳ ነው፤ ገንዘብ ይጎበኘዋል እንጂ አይኖርበትም። ወለድ የሚከፈልበት ከሆነ ግን ወለድ የሚያገኘውን ያህል፣ ለምሳሌ ፍሌክስዳይሬክት ላይ 1,500 ፓውንድ፣ አስቀምጠው ሌላውን ብቻ ያዙሩ።

ቀጥሎ ሁለቱን ሂሳቦች እርስ በርስ ማስተዋወቅ ነው፤ ሶርት ኮድ (የባንኩን መለያ ቁጥር) እና የሂሳብ ቁጥር ማስገባት። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ስም ጣጣ አለው። ባንኮቹ የተቀባዩን ስም ያመሳክራሉ። አንደኛው ባንክ የአባትዎን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞ፣ ሌላው ፓስፖርቱን አይቶ የአያትዎን ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ «ስሙ አይገጥምም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። የራሴ ሂሳብ ነው ብለው ማስጠንቀቂያውን ማለፍ አይልመድብዎ፤ አንድ ቀን የአጭበርባሪ ሂሳብ ላይም ያልፉታል። በተቀባዩ ባንክ መተግበሪያ ላይ ስምዎ እንዴት እንደተጻፈ አይተው እንዳለ ይቅዱት። ከዚያ 1 ፓውንድ ልከው ይሞክሩ። ፋስተር ፔይመንትስ በሚባለው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይደርሳል።

አሁን ስታንዲንግ ኦርደር፣ ማለትም ባንኩ በየወሩ በቀኑ ራሱ የሚልከው ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ፣ ይዘዙ፤ አንድ መሄጃ ከዋናው ወደ አዲሱ፣ አንድ መመለሻ ከአዲሱ ወደ ዋናው። በየወሩ በእጄ እልካለሁ የሚል ሰው አያሳምነኝም፤ ሦስተኛው ወር ላይ ይረሳዋል። የስልክ ማስታወሻም ቢሆን የሚጮኸው አውቶቡስ ውስጥ ወይም ሥራ ላይ ሲሆኑ ነው፤ አጥፍተውት ያልፋሉ።

ሰው ሁሉ የሚሰናከለው ቀኑ ላይ ነው። በብዙ ባንኮች ስታንዲንግ ኦርደር የሚንቀሳቀሰው በሥራ ቀን ብቻ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም ባንክ የሚዘጋበት በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይገፋል። ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ደመወዜ በወር መጨረሻ ስለሚገባ መሄጃውን 29 ላይ ላድርገው ያለ ሰው ኦገስት 2026ን ይመልከት፤ 29 ቅዳሜ፣ 30 እሑድ፣ 31 ደግሞ በእንግሊዝ የበጋው ባንክ ሆሊደይ የሚውልበት ሰኞ ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ሴፕቴምበር 1 ይሆናል። ኦገስት ባዶውን ቀረ፣ የወሩም ወለድ አብሮት ቀረ። ባንኩን ቢማጸኑ መልሱ አንድ ነው፤ በወሩ ውስጥ አልገባም።

ስለዚህ መሄጃውን ወር በገባ በ3ኛው ቀን ያድርጉት። ቢገፋ እንኳ ገና ብዙ ቀን አለ፤ ባይሳካም አይተው በእጅ የሚልኩበት ጊዜ ይተርፋል።

መመለሻውን ከመሄጃው ቢያንስ በአንድ ሳምንት ያርቁት። ሁለት ቀን በቂ ይመስላል፤ አይበቃም። የፈረንጆቹ ፋሲካ ከእኛ ጋር በየዓመቱ ስለማይገጥም ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። በ2026 ስቅለታቸው አርብ ኤፕሪል 3፣ የፋሲካቸው ማግስት ሰኞ ኤፕሪል 6 ነው፤ ሁለቱም ቀን ባንክ ዝግ ነው። የእኛ ትንሣኤ ደግሞ ኤፕሪል 12። መሄጃው በ3፣ መመለሻው በ5 የታዘዘ ከሆነ ሁለቱም ተገፍተው ማክሰኞ ኤፕሪል 7 ንጋት ላይ ይገናኛሉ። መመለሻው ቀድሞ ከተነሣ የሚያገኘው ባዶ ሂሳብ ነው። ወይ ክፍያው ውድቅ ይሆናል፣ ወይም ኦቨርድራፍት (ሂሳቡ ባዶ ሲሆን ባንኩ የሚያበድረው ገንዘብ) ካለዎት ከዚያ ይወስዳል፤ የኦቨርድራፍት ወለድ በብዙ ባንኮች በዓመት 40 በመቶ አካባቢ ነው። በ3 ሄዶ በ10 የሚመለስ ገንዘብ ግን ገናም ፋሲካም አያገናኘውም።

1,000 ፓውንድ በአንድ ጊዜ የማይተርፈው፣ በተለይ በሳምንት የሚከፈለው ሰው፣ ከፍሎ ያዙር። ውሉ ድምሩን የሚያይ ከሆነ ያው 500 ፓውንድ ሁለት ጊዜ ቢገባ 1,000 ነው፤ በ3 ሄዶ በ10 ይመለስ፣ በ17 እንደገና ሄዶ በ24 ይመለስ። የምትኬ ቀኑ ስለሚያጥር ግን ሁለተኛውን ዙር በዓይንዎ ይከታተሉት።

ማስታወሻ በሚጻፍበት ቦታ «የራሴ ዝውውር» የሚል ነገር ያስገቡ። ቤት ለመግዛት ብድር ሲጠይቁ አበዳሪው የባንክ መግለጫዎን ያገላብጣል፤ በየወሩ የሚገባው 1,000 ፓውንድ ተጨማሪ ገቢ አለመሆኑን ከወዲሁ ያየዋል።

የሰው ገንዘብ ግን በዚህ ሂሳብ አያዙሩ። «ግዴታህን እንድታሟላ እኔ ልላክልህ፣ አንተ ለሌላ ሰው አስተላልፍልኝ» የሚል ወዳጅ ቢመጣ፣ ወዳጅም ቢሆን እምቢ ይበሉት። የተሰረቀ ገንዘብ የሚታጠበው እንዲህ ነው። ባንኩ ሂሳቡን ከመዝጋቱም በላይ ሲፋስ በተባለው የማጭበርበር መዝገብ ላይ ስምዎ ለ6 ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፤ ያኔ ሌላ ባንክም በቀላሉ አያስገባዎትም። የእቁብ ገንዘብም ቢሆን በዋናው ሂሳብ ይሁን፤ ሰብሳቢው እርስዎ ከሆኑና ባንኩ ከጠየቀ ማስረዳቱ እዚያ ይቀላል።

ሁለት ዳይሬክት ዴቢት የሚጠይቅ ሂሳብ ከሆነ የስልክና የውሃ ክፍያዎን ወደዚያ ያዛውሩ፤ ኪራይን አይንኩ። ስታንዲንግ ኦርደር ዳይሬክት ዴቢት ተብሎ አይቆጠርም፤ አንደኛውን የሚያዝዙት እርስዎ ነዎት፣ ሁለተኛውን የሚጎትተው ክፍያው የሚደርሰው ድርጅት ነው። ለሚቆረጠው የሚበቃ ጥቂት ገንዘብም እዚያው ይተዉ፤ መመለሻው ሁሉንም ጠራርጎ እንዳይወስደው።

የመጀመሪያውን ወር በ4ኛውና በ11ኛው ቀን ገብተው ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ በዓል ያለባቸውን ወራት ብቻ ማየት ይበቃል።

ጥሩው ወለድ ለዘለዓለም አይደለም። የፍሌክስዳይሬክት 5 በመቶ ለ12 ወር ብቻ ነው፤ በ1,500 ፓውንድ ላይ በዓመት 75 ፓውንድ ገደማ ማለት ነው። ጊዜው ሲያበቃ ሁለቱን ትእዛዞች በአንድ ቀን ይሰርዙ። መሄጃውን ብቻ ሰርዘው መመለሻውን ከረሱት በቀጣዩ ወር 10ኛ ቀን እዚያ ያስቀመጡትን ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ ባዶ ካገኘውም ውድቅ ይሆናል ወይም ከኦቨርድራፍት ይበደራል።